የሚመዘዘው ክርና የማይለቀው ሙጫ፤ ስለ ሱፍ ልጥፍ ሥራ አጭር ታሪክ

የቤተ ክርስቲያን መጋረጃና ድባብ፥ ልብሰ ተክህኖም በበዓል ቀን በወጣ ጊዜ የሰው ዓይን የሚያርፈው በቀለሙና በሥዕሉ ላይ ነው። ቁራጩን ከቁራጭ ጋራ ያያዘውን ክር የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ቁራጩን በቦታው ይዞ የቆየውን፥ ካለቀ በኋላ ግን ተመዝዞ የተጣለውን ክር የሚያስታውስ ደግሞ ከቶ አይገኝም። ዳሩ ግን አንድ ጨርቅ ለልጅ ልጅ መድረሱ፥ ወይም በአንድ ትውልድ ውስጥ ተበላሽቶ መጣሉ፥ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በዚህ በማይታየው ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ መታሰቢያ መጽሐፍ፥ የተከበሩ ካህናትና ምእመናን እንዲያነቡት፥ ሱፍን በሱፍ ላይ ለጥፎ የመስፋትን ታሪክ፥ ይልቁንም ቁራጩ ከመሰፋቱ በፊት በምን ይያዝ እንደ ነበረ በአጭሩ እንጽፋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጥፍ ሥራ ማለት ከአንድ ጨርቅ አበባ ወይም መስቀል ወይም የሰው መልክ ቆርጦ በሌላ ጨርቅ ላይ አኑሮ መስፋት ነው። ከጥልፍ የሚለየውም፥ ጥልፍ ሥዕሉን በክር ብቻ ሲያወጣ ልጥፍ ሥራ በጨርቅ ቁራጭ ያወጣዋልና ነው። ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ተደርቦ፥ በመካከሉም ጥጥ ወይም ሱፍ ገብቶበት ሦስቱ በአንድነት ሲሰፉ ደግሞ ወፍራም ድርብ ልብስ ይሆናል። በዚህ ሥራ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ሁለት መያዣዎች አሉ። አንደኛው ረጅም ረጅም ሆኖ ለጊዜው የሚሰፋ ክር ነው፤ ሁለተኛውም ሙጫ ነው።

ስለ ሱፍ ጠባይ

የሱፍን ሥራ ለማወቅ አስቀድሞ የሱፍን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የበግ ጠጉር በዓይን ለማየት የማይቻል ቅርፊት አለው። በሙቅ ውሃ ተነክሮ ሲረገጥና ሲታሽ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ጨርቁም ይሰበሰባል፥ ይወፍራል፥ ይጠብቃል። እንዲህ የጠበቀ ሱፍ በመቀስ ቢቆረጥ ጠርዙ አይተረተርም። ስለዚህ የጥጥ ወይም የሐር ጨርቅ ለጣፊ ጠርዙን ወደ ውስጥ እያጠፈ ሲሰፋ፥ የሱፍ ለጣፊ ግን ሳያጥፍ ጠርዙን ብቻ ይዘመዝመዋል። ሥራውን ቀላል የሚያደርገው ይህ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል፤ ወፍራም ሱፍ በወፍራም ሱፍ ላይ ሲቀመጥ መርፌው በገባ ቁጥር ይንሸራተታልና።

ጌታችን በቅዱስ ወንጌል ስለ አሮጌ ልብስና ስለ አዲስ እራፊ የተናገረውን ምሳሌ (ማቴ. 9፥16) ሁላችን እናውቀዋለን። በግሪክኛው ስለ እራፊው የተነገረው ቃል፥ ልብስ አጣቢ ያልረገጠው ማለት ነው። ያልተረገጠ እራፊ ከተሰፋ በኋላ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብም አሮጌውን ልብስ ይስበውና ይቀደዋል። ምሳሌው ጥልቅ ትርጓሜ ያለው ሲሆን፥ በእጅ ሥራ በኩልም ፍጹም እውነት ነው። ዛሬም ሱፍ የሚለጥፉ ሰዎች ሁሉ የመጀመሪያው ሕጋቸው ይኸው ነው፤ የሚለጠፈውም የሚለጠፍበትም ጨርቅ አስቀድሞ ይታጠባል።

ስለ ጥንቱ ሥራ

ከጥንት የሱፍ ልጥፍ ሥራዎች ሁሉ የታወቀው የተገኘው በሳይቤሪያ፥ በአልታይ ተራሮች ውስጥ ፓዚሪክ በተባለ ቦታ ነው። በዚያ ከጌታችን ልደት በፊት በ4ኛውና በ3ኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበሩ የፈረሰኛ ሕዝብ አለቆች ተቀብረው ነበር። ውሃ ወደ መቃብራቸው ገብቶ በረዶ ስለ ሆነ፥ በሌላ አገር የሚበሰብሰው ሱፍና ቆዳ በዚያ ሳይበሰብስ ቆየ። ሰርጌ ሩዴንኮ የተባለው የሩሲያ ሊቅ አምስተኛውን መቃብር በ1949 በቆፈረ ጊዜ፥ ቁመቱ 4 ሜትር ተኩል፥ ርዝመቱም 6 ሜትር ተኩል የሚያህል ታላቅ መጋረጃ አገኘ። መጋረጃው ሳይሸመን በውሃ ተረግጦ የተጣበቀ ነጭ የበግ ጠጉር ነው። በላዩም ልዩ ልዩ ቀለም ካለው ከእንደዚሁ ያለ ሱፍ ተቆርጦ፥ በዙፋን የተቀመጠች ሴትና በፊትዋ የቆመ ፈረሰኛ ደጋግመው ተለጥፈዋል። ያያዛቸውም ስፌት ነው። ይህ መጋረጃ ዛሬ በሴንት ፒተርስቡርግ ከተማ በኤርሚታዥ ቤተ መዘክር ይገኛል። ከ2,000 ዓመት በላይ ያለፈው ነገር እንዲህ ያለ ቅርጽ ይዞ መገኘቱ ከበረዶው ቀጥሎ የስፌቱን ጽናት ያስመሰክራል።

ከዚያ ዘመን ብዙ ቆይቶ፥ በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ፥ ይህ ሥራ በአውሮፓ ቤተ ክርስቲያኖች ውስጥ ታየ። በስዊድን አገር ከዳልሄምና ከስኬፕቱና ሰበካ ቤተ ክርስቲያኖች የተገኙ የሱፍ ልብሶች ዛሬ በስቶክሆልም በታሪክ ቤተ መዘክር ይጠበቃሉ። የዚህ ዓይነት ሥራ ብልሃቱ እንዲህ ነው። ሁለት ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን ሱፎች፥ ለምሳሌ ቀዩንና ሰማያዊውን፥ ደርበው በአንድ ንድፍ በአንድ ጊዜ ይቆርጣሉ። ከዚያ በኋላ ቀዩን ሥዕል በሰማያዊው ክፍት፥ ሰማያዊውንም በቀዩ ክፍት ውስጥ አግብተው ዳር ለዳር ይሰፉታል። ስለዚህ ከአንድ መቁረጥ ሁለት ልብስ ይወጣል፤ የሚጣል ቁራጭም እምብዛም አይኖርም። የስፌቱን መስመር ለመሸፈን በወርቅ የተለበጠ ቀጭን የቆዳ ጥብጣብ በላዩ ያስኬዱበታል። እንዲህ ያለውን ሥራ መሥራት የሚቻለው ሱፉ የማይተረተር በመሆኑ ነው።

በዚያው ዘመን በኢጣሊያም ታላላቅ ሠዓሊዎች ይህን ሥራ አልናቁትም። ቫሳሪ የተባለው የሠዓሊዎችን ታሪክ በ16ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ሰው፥ ስለ ፍሎሬንሱ ሠዓሊ ስለ ቦቲቼሊ ሲናገር፥ ሰንደቆችንና የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎችን በልጥፍ ጨርቅ መሥራት ከጀመሩት አንዱ እርሱ ነው ይላል። ምክንያቱንም ሲገልጽ፥ ቀለሙ እንዳይለቅና ጨርቁ በሁለት ወገን እንዲታይ ነው ይላል። ለኦርሳንሚኬሌም፥ ስሙ የቅዱስ ሚካኤል የአትክልት ቦታ ማለት ነው፥ የእመቤታችን ሥዕሎች ያሉበት ድባብ በዚህ ብልሃት ሠርቶ ነበር። ድባብ ከሥርም ከላይም ይታያልና፥ በዙሪያውም ዝናምና ፀሐይ ያገኘዋልና፥ ሠዓሊው ከብሩሽ ይልቅ መቀስና መርፌን መምረጡ የሚያስገርም አይደለም።

ስለ ጊዜያዊ ስፌት

እነዚህ ሁሉ ሥራዎች ዋናው ስፌት ከመሰፋቱ በፊት ቁራጮቹ በቦታቸው መያዝ ነበረባቸው። በስፒል መያዝ ለቀጭን ጨርቅ ይበቃል። ለወፍራም ሱፍ ግን ስፒል የላዩን ጨርቅ ያነሣዋል፥ የሥሩንም ያጨማድደዋል፤ ሲነቀልም ሥዕሉ ከንድፉ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። በዚህ ምክንያት የታመነው መያዣ ጊዜያዊ ስፌት ሆኖ ኖሯል።

ሥርዓቱም እንደሚከተለው ነው። ጨርቁ በገበታ ላይ ሳይሳብ ይዘረጋል። ቁራጩ በቦታው ከተቀመጠ በኋላ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር፥ እንደ ፀሐይ ጮራ፥ በረጅሙ ይሰፋል። ከዳር ወደ መካከል የጀመረ ሰው ትርፉን ጨርቅ ሁሉ ወደ መካከል ይሰበስበውና እብጠት ያወጣበታል። ክሩ በዓይን ተለይቶ እንዲታይ ከጨርቁ ቀለም የተለየ ይሁን፤ ነገር ግን ቀለሙ የሚለቅ እንዳይሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከጠርዙም ጥቂት ገባ ብሎ ይሰፋል፥ ጠርዙ በሚዘመዘምበት ጊዜ ዋናው ክር እንዳይዘው። ቋጠሮውም በስተላይ ይሁን፥ በኋላ በቀላሉ እንዲገኝ። ሥራው ሲያልቅ ክሩን ከአንድ ጫፍ ይዞ መጎተት ጨርቁን ያቆስለዋል፤ ስለዚህ በየጥቂቱ እየቆረጡ መምዘዝ ይገባል።

ይህን የሚያነብ ሰው ለሚጣል ነገር ይህን ያህል ድካም ለምን ይሆናል ይል ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ክሩ ከተመዘዘ በኋላ በጨርቁ ውስጥ የሚቀር ምንም ባዕድ ነገር የለም። መርፌው የከፈተው ቀዳዳ እንኳ በእንፋሎት ሲተኰስ ሱፉ ራሱ ይዘጋዋል።

ስለ ዱቄት ሙጫ

ሙጫም በበኩሉ አሮጌ ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የቤተ ክርስቲያን ጥልፍ እንደ ገና በተነሣ ጊዜ፥ በ1872 በሎንዶን የመርፌ ሥራ ትምህርት ቤት ተቋቁሞ ነበር። የዚህ ትምህርት ቤት መምሪያ መጽሐፍ በ1880 ታተመ፤ በውስጡም የጥልፍ ሙጫ አሠራር ተጽፎ ይገኛል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፥ በግማሽ ፔኒ ሳንቲም ላይ የሚያርፍ ያህል የተፈጨ የጥድ ሙጫ፥ ግማሽ ፓይንት ይኸውም ከሩብ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ውሃ ተደባልቆ እስኪፈላ ይማሰላል፤ 5 ደቂቃ ከፈላ በኋላ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ይሠራበታል። ሠራተኞቹ በእንጨት ላይ በተወጠረ ሸማ ይህን ሙጫ ቀብተው፥ ከፋዩን ወይም ሐሩን ያስተኙበታል፤ ሲደርቅም ሥዕሉን ይቆርጡና በመጋረጃው ላይ አኑረው ዳር ዳሩን በክር ያጸኑታል።

የዱቄት ሙጫ መልካምነቱ በውሃ መልቀቁ ነው። የተሳሳተ ሰው አርጥቦ ማንሣት ይችላል። ክፋቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፥ እርጥበት ባለበት ቤት ይሻግታል። ሁለተኛ፥ ዱቄት መብል ነውና ነፍሳትንና አይጥን ይጠራል። ሱፍም ራሱ የብል መብል ስለ ሆነ፥ በዱቄት የተለጠፈ ሱፍ በደንብ ካልተጠበቀ ሁለት ጠላት አፍርቷል ማለት ነው። ሐርንና ከፋይን በዚህ ሙጫ የሚያጸኑ ጥልፈኞች የነበሩበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እነዚህ ይተረተራሉና። የጠበቀ ሱፍ ግን የማይተረተር ስለ ሆነ ሙጫው የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው።

በእሳት ስለሚቀልጥ ሙጫ

በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ሌላ ነገር መጣ። ከፋብሪካ የሚወጣ፥ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ፥ ካውያ ሲነካው ቀልጦ ሁለት ጨርቅ የሚያጣብቅ ሙጫ በገበያ ተገኘ። ቀድሞ የአንድ ቀን ሥራ የነበረው በጥቂት ደቂቃ አለቀ። ይህን ነገር ማንቋሸሽ አይገባም፤ በብዙ ቤት ውስጥ የደከመች እናት ለልጅዋ ልብስ ሠርታበታለች። ነገር ግን ሱፍ ወፍራም ስለ ሆነ ሙቀቱ ወደ ሙጫው እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ሲበዛም ሱፉ ያራል ወይም ይሰበሰባል። ስለዚህ አዋቂዎች በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ካውያውን ሳይገፉ ከላይ ብቻ ይጫኑታል። ደግሞም ሙጫው በሙሉ ከተነጠፈ ለስላሳው ሱፍ እንደ ካርቶን ይደርቃልና፥ የሙጫውን መካከል ቆርጠው አውጥተው ዳር ዳሩን ብቻ ይተዉታል። በጠብታ ሙጫ የሚሠሩትም ጠብታውን በመካከል እንጂ በጠርዙ ላይ አያኖሩም፤ መርፌ በደረቀ ሙጫ ውስጥ ሲያልፍ ክሩን ይበላዋልና።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ይህ ነው። ጊዜያዊ ስፌት ይመዘዛል፤ የዱቄት ሙጫ በውሃ ይለቃል፤ በእሳት የቀለጠው ሙጫ ግን ወደ ሱፉ ጠጉር ገብቶ እዚያው ይቀራል።

የዚህን ፍሬ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች አይተውታል። ከ1950 በኋላ በነበሩት ዓመታት በአውሮፓ የጥንት ሰንደቆችና ልብሶች ጠጋኞች አዲሱን የፋብሪካ ሙጫ በደስታ ተቀብለው፥ የሳሳውን ጨርቅ በሌላ ጨርቅ ላይ ይለጥፉበት ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ከሙጫው አንዳንዱ ቢጫ ሆነ፥ አንዳንዱ ደረቀ፥ አንዳንዱም እየተጣበቀ አቧራ ሰበሰበ። የተጠገነውንም ለማላቀቅ ከጥገናው የበለጠ ድካም አስፈለገ። በዚህ ምክንያት በጠጋኞች ዘንድ አንድ ሕግ ጸና፤ ዛሬ የምታደርገውን፥ ከአንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ጨርቁን ሳይጎዳ ሊፈታው የሚችል ይሁን የሚል ነው። በእርግጥ ጨርቁ መርፌ መቻል እስኪያቅተው ድረስ በደከመ ጊዜ ዛሬም ሙጫ ይመረጣል፤ ነገር ግን ተመርምሮና ተመዝኖ ነው።

ስለ ቱሪን ጨርቅ

የዚህን ሕግ ጥቅም የሚያሳይ አንድ ታሪክ እንጨምር። ጨርቁ ሱፍ ሳይሆን የተልባ እግር ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉ ነው። በምዕራባውያን ዘንድ የጌታችን መግነዝ ነው የሚባለው ጨርቅ በ1532 በሻምቤሪ ከተማ በቤተ ጸሎት ሳለ እሳት ደረሰበት፤ በብዙ ቦታም ተቃጥሎ ተበሳ። በ1534 የቅድስት ክላራ ማኅበር መነኮሳይያት ቀዳዳውን በእራፊ ጠገኑት፥ ከበስተ ኋላውም ሌላ ጨርቅ ደረቡበት። ሥራቸውን ሁሉ የሠሩት በመርፌና በክር ነው። ጨርቁ በ1578 ወደ ቱሪን ተወሰደ። በ1988 የተደረገው ምርመራ ዕድሜውን ከ1260 እስከ 1390 ባለው ዘመን አድርጎታል፤ ስለዚህ ያለው ክርክር ግን አላለቀም፤ የእኛም ነገር እርሱ አይደለም።

በ2002 በስዊስ አገር በአቤግ ድርጅት ብዙ ዘመን የጥንት ልብሶችን ስትጠግን የኖረችው ሜክቲልድ ፍሉሪ ሌምበርግ የመነኮሳይያቱን ስፌት ፈታች፤ 30 ያህል እራፊዎችንም አነሣች። በእራፊው ሥር ከእሳቱ ዘመን ጀምሮ የተጠራቀመው የተቃጠለ ትቢያ ተጠረገ፤ የኋላውም ደራቢ ጨርቅ በአዲስ ተለወጠ። ሥራው ነቃፊ አላጣም፤ የቀድሞው ምልክት ሁሉ እንደ ነበረ መቆየት ነበረበት ያሉ ሊቃውንት ነበሩና። ነገር ግን ያዘዙትም የነቀፉትም አንድ ነገር አይክዱም። በ1534 የተሰፋው ከ468 ዓመት በኋላ ሊፈታ የቻለው መነኮሳይያቱ በክር ስለ ሰፉት ነው። በሙጫ ቢለጥፉት ኖሮ እራፊው ሲነሣ ጨርቁንም ይዞ በተነሣ ነበር።

ስለ ጎንደር ሥዕሎች

የሚፈታ ማያያዣ ግን ጠባቂ ይፈልጋል። ይህንንም ከአገራችን ታሪክ እናገኘዋለን። በጎንደር ዘመንና ከዚያም ወዲህ በብዙ ቤተ ክርስቲያኖቻችን የመቅደሱ ሥዕል በጥጥ ጨርቅ ላይ ሆኖ በሙጫ ከግድግዳው ይለጠፍ ነበር። ጨርቁ ከጭቃው ግድግዳ ጋራ አንድ አካል ስላልሆነ፥ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ሥዕሉ ሊተርፍ ይችላል፤ ሊነሣና በአዲስ ግድግዳ ላይ ሊመለስም ይችላል። ይህ የአባቶቻችን ብልሃት ነው።

ዳሩ ግን በ1932 የፈረንሳይ የምርምር ጓድ በማርሴል ግሪዮል መሪነት ጎንደር በደረሰ ጊዜ፥ በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የነበሩትን ሥዕሎች ከግድግዳው አላቅቆ ወሰዳቸው፤ በምትካቸውም ከጓዱ ጋራ የነበረው ሠዓሊ የሠራው ቅጂ ተተካ። ስፋታቸው 60 ካሬ ሜትር ያህል የሚሆነው እነዚህ ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ሥዕሉን ከግድግዳው መፍረስ ሊያድነው የሚችለው ብልሃት፥ ከቦታው እንዲወሰድም መንገድ ሆነ። ስለዚህ ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ መልካም ስፌት ብቻ አይበቃውም፤ ዕቃው መቼ እንደ ተሠራ፥ በማን እንደ ተሰጠ፥ በምን እንደ ተጠገነ በመዝገብ መጻፍ አለበት።

መደምደሚያ

የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር አጭር ነው። ከማያያዣዎች ሁሉ የተሻለው በጣም የሚይዘው አይደለም፤ ይዞ የሚያቆይ፥ በጊዜውም ሳይጎዳ የሚለቅ ነው። በኦሪት ዘጸአት 26ኛው ምዕራፍ የተነገረችውን ድንኳን እናስብ። የበፍታው መጋረጃ በ50 የወርቅ መያዣዎች፥ የፍየል ጠጉሩም በ50 የናስ መያዣዎች ተጋጥሞ አንድ ማደሪያ ይሆን ነበር፤ ሕዝቡም ሲጓዝ ይፈታ ነበር፥ ሲሰፍርም እንደ ገና ይጋጠም ነበር።

እንግዲህ በየዕቃ ቤታችን አሮጌ መጋረጃና ካባ ሲቀደድ፥ በዓሉ ደርሷልና ፈጥኜ በሙጫ ላጣብቀው የሚል አሳብ የሚመጣበት ወንድም ወይም እኅት ጥቂት ይታገሥ። እራፊውን አስቀድሞ ይጠበው፤ ከመካከል ጀምሮ በረጅሙ ይስፋው፤ ጠርዙን ዘምዝሞ የጊዜውን ክር ይምዘዝ፤ ያደረገውንም በመዝገቡ ይጻፍ። ጥገናውን ዛሬ የሚያመሰግነው ሰው ላይኖር ይችላል። ከ100 ዓመት በኋላ ግን ያንኑ ጨርቅ የሚያነሣ ሌላ እጅ ይመጣል፤ ስፌቱም በቀላሉ ሲፈታለት፥ ከእርሱ በፊት የነበረው ሰው ስለ እርሱ አስቦ እንደ ነበረ ያውቃል።